የአማቴ መቶ ምስጋና

አማቴን እብድ ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አላላቸውም። ቦኖ ውሃ ላይ ቆሜ፣ ጀሪካኔ ሳይሞላ፣ ባንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። ይኼን ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ስለሆነ እሱኑ አስቀደምኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ነገሬ ቢንዛዛ እንግዲህ ታገሱኝ።

አማቴ ስል የባለቤቴን አባት ማለቴ ነው። ከጎንደር ገጠር አብረውን የመጡ ናቸው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ባገራችን ጎረቤት ሲያኮርፍ ፈላሻ ይለናል፣ ሲብስበት ቡዳ ይለናል። ልጅ ቢያተኩሰው፣ ላም ብትነጥፍ፣ የኛ ዓይን ነው። እዚያ ያደገ ሰው አዲስ አበባ ቢመጣም ጀርባውን ማየት አይተውም። እኔማ እንቅልፌም የጥንቸል እንቅልፍ ነበር።

አማቴ በቀን መቶ ጊዜ ያመሰግኑ ነበር። መቶ ያልኩት ለማብዛት አይደለም፣ ይቆጥሩታል። ጎልማሳ ሳሉ አስመራ ተምሮ የተመለሰ የኛው ሰው መምህር መንደራችን መጥቶ፣ በሌላ አገር ያሉ ወገኖቻችን በየቀኑ መቶ ምስጋና ያደርሳሉ ብሎ ነገራቸው። ያን ዕለት ጀመሩ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ይትባረክ፣ መሬት ሲረግጡ ይትባረክ። ጋቢ ሲደርቡ፣ ውሃ ሊጠጡ ሲሉ፣ ጠጥተው ሲጨርሱ፣ እንጀራ ሲቆርሱ፣ አዲስ እሸት ሲቀምሱ፣ መብረቅ ሲያዩ፣ ነጎድጓዱን ሲሰሙ። የመብረቁና የነጎድጓዱ ለየብቻ ነው። በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ ይቆጥራሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «ዛሬ ዘጠና ሰባት ላይ ነኝ» ካሉኝ ነገሩ ይገባኛል። ሽምብራ ቆላ፣ ሎሚ ሰንጠቅ፣ ጤና አዳም ቀጠፍ አደርግና አቀርብላቸዋለሁ። ሽምብራው ለብቻው፣ ሎሚው ለብቻው፣ ጤና አዳሙም ለሽታው ለብቻው ምስጋና አለው። መቶ ይሞላል፤ ፊታቸው ይፈታል።

አሜን ባይዋ እኔ ነበርኩ። አማቴ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ጀምሮ ለኔ የወደቀ ሥራ ነው። «አሜን ያላገኘ ምስጋና ደጅ ቆሞ የቀረ እንግዳ ነው» ይሉ ነበር። ሊጥ እያቦካሁም፣ የልጄን ጸጉር እየሠራሁም፣ ጀርባዬን ሰጥቼም ቢሆን አሜን እላለሁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱን ሳልሰማው ነበር የምለው።

አዲስ አበባ የገባነው በደርግ ጊዜ ነው። የኛ ሰዎች በሱዳን በኩል አገር ጥለው ይወጣሉ ይባላል፤ ከጎንደር የመጣ ሰው «ምን ልትሠራ መጣህ? የይለፍ ወረቀትህስ?» ይባላል። ባለቤቴ ግንበኛ ነው። ሲ.ኤም.ሲ አዲስ ቤቶች ሲሠሩ እዚያ ሥራ አገኘና እዚያው እያደረ ዓርብ ማታ ይመጣል፣ እሑድ በጠዋት ይመለሳል። ቅዳሜን እንዴት እንደሚያስፈቅድ እሱ ያውቃል።

እኛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየን። ቤት ማከራየት ያኔ በአዋጅ የተከለከለ ስለነበር አከራያችን ቀበሌ ሄደው «የአጎቴ ልጅ ከነቤተሰቡ ነው» ብለው አስመዝግበውናል። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ አንደበተ ስለታም፣ ልባቸው ግን ቅቤ። ሃይማኖታችንን አልጠየቁንም። እኔ ግን ሳልጠየቅ ጥቁር ክር ገዝቼ ማተብ አሰርኩ፣ ለሰባት ዓመት ልጄም አሰርኩላት። አማቴ አንገት ላይ ለማሰር አልደፈርኩም። አከራያችን ሥጋ ሲልኩልን ስለት አለብን እላለሁ። አንድ ቀን ሳህኑን መልሰው ሲወስዱ፣ «እናንተ ቤት ደግሞ ስለት አያልቅ! ምን ብትለምኑት ነው?» አሉኝ።

አማቴንም ድምፃቸውን እንዲቀንሱ ለመንኳቸው።

«አባባ፣ በልብዎ ይበሉት።»

«በልብ የሚባለውማ ሐሳብ ነው ልጄ። ምስጋና ከንፈር ይፈልጋል።»

ተከራክረን ተከራክረን በሹክሹክታ ተስማማን። በር ይዘጋል፣ እሳቸው በሹክሹክታ፣ እኔም አሜኔን በሹክሹክታ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሳንስማማ ቀረን፤ እሱም ሽንት ቤቱ ነው።

ሰው ተጸዳድቶ ሲወጣ የሚያደርሰው ምስጋና አለ። እጁን ታጥቦ፣ ከዚያው ከወጣበት ሳይርቅ፣ ሰውነቱን ቀዳዳ ያለው አድርጎ ስለፈጠረው፣ የሚከፈተውን ከፍቶ የሚዘጋውን ስለዘጋለት ያመሰግናል። አማቴ ይኼኛውን ከሁሉም ይወዱታል። «ለእንጀራው የሚያመሰግን ሞልቷል። እንጀራው በደህና ለመውጣቱ የሚያመሰግን ግን ስንት አለ?» ይሉና ይስቃሉ። ባገራችን ሜዳው ሰፊ ነው፣ ማንም አይሰማ። እዚህ ግን ለግቢው ሁሉ አንድ የቆርቆሮ በር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ጣሳውን ይዞ ተራ ይጠብቃል።

አንድ ሐሙስ ቦኖው ጋ አከራያችን ጠሩኝ።

«አንቺ፣ ነይ እስቲ። አማትሽ ከሽንት ቤት ሲወጡ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከማንም እትዬ።»

«ከማንም አትበይኝ! ሦስት ቀን ሰማኋቸው። ዛሬማ ተራዬን እየጠበቅሁ፣ ወጡና በሩ ሥር ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ያነበንባሉ። አማርኛም አይደል። ጸሎት እንዳልል እዚያ ቦታ የፈጣሪ ስም አይጠራ። እዚያ የሚጠራው ማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ሰውዬው ድግምት አለባቸው እንዴ?»

ድግምት አሉ። ከድግምት ቡዳ አንድ እርምጃ ነው፣ ከቡዳ ፈላሻ ግማሽ እርምጃ ነው። ከዚያ ቀበሌው አለ፣ ከዚያ ልጄን ይዤ የማድርበት ጎዳና አለ። ይኼ ሁሉ ጀሪካኑ እየሞላ ባለበት ባንድ አፍታ ታየኝ።

«ጤና የላቸውም እትዬ» አልኩ። «አእምሯቸውን ይነካቸዋል።»

ይቆጡ ይሆናል ብዬ ነበር። አከራያችን ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይኔ እናቴ! ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ! ይኼን ተሸክመሽ ነው እንዴ እንዲህ የከሳሽው? ታናሽ ወንድሜ እኮ እንዲሁ ከቆሻሻ ቦታ ለክፎት ነበር። እንጦጦ ጠበል ወጥቶ ሰባት ቀን ተጠመቀ፣ ለቀቀው። ይኸው ዛሬ ሹፌር ነው፣ ሦስት ልጅ ወልዷል። እኔ ራሴ ይዣቸው እወጣለሁ። ቅዳሜ እንጀምር።»

«ቅዳሜ አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። «ማለቴ፣ ባለቤቴ ቤት የሚውለው ቅዳሜን ብቻ ስለሆነ… ከአባቱ ጋር ይዋል ብዬ ነው።»

«እሺ፣ እሑድ እሱ ሲሄድ እንጀምራለን። ሰባት ቀን ነው፣ ማቋረጥ የለም። ካቋረጡት ጓደኞቹን ይዞ ነው የሚመለሰው።»

ጠበሉ እንዲቀር አንድ ቃል አልተናገርኩም። ቅዳሜን ስላስቀረሁ ብቻ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ጀሪካኔን ተሸክሜ ገባሁ።

አማቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይሰፉ ነበር። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ነገርኳቸው። መርፌውን አቆሙ።

«እብድ ናቸው አልሻት?»

«አዎ አባባ።»

«ልጄስ ያውቃል?»

«አልነገርኩትም።»

«አትንገሪው።» መርፌውን አንድ ጊዜ ወጋ አደረጉና፣ «ካልሄድኩ ከቤት እንወጣለን?» አሉኝ።

«እንወጣለን።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ። ጠላት አገር ገብቶ እብድ መስሎ ያመለጠ ንጉሥም በመጽሐፍ አለ። እኔ ከንጉሥ አልበልጥም።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዓርብ ማታ ባለቤቴ መጣ፣ ቅዳሜን አብሮን ዋለ፤ እኔም ዝም፣ እሳቸውም ዝም። እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ እሱ ወደ ሥራው ወረደ፣ እኛ ደግሞ ሽቅብ ወጣን።

የእንጦጦን ቁር የማያውቀው ሰው የለም። በባሕር ዛፉ መሐል ስንወጣ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች እያለከለኩ ይወርዳሉ። አከራያችን ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት፣ አማቴ ከመሐል፣ እኔ ከኋላ። ጠበሉ ጋ ስንደርስ ሰዉ ተሰልፏል፤ አንዱ ይጮኻል፣ አንዷ ትስቃለች፣ እግሩ በሰንሰለት የታሰረም ነበር። አማቴ ተራቸው ሲደርስ ልብሳቸውን አውልቀው ገቡ። ያን ያህል ቀጭን መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ውሃው ሲወርድባቸው አንገታቸውን እንደ ኤሊ ሰበሰቡ። አጥማቂው ወጣት ናቸው፤ መስቀላቸውን የአማቴ ጭንቅላት ላይ አድርገው፣

«ማነህ? ተናገር! ከየት ያዝከው?» አሉ።

አማቴ ዝም።

«ተናገር ነው የምልህ! ስምህ ማነው?»

«ከሽንት ቤት ነው አባ!» ብለው አከራያችን ከኋላ ጮኹ፣ ለመርዳት ብለው። አማቴ ከውሃው ሥር ወደኔ ቀና ብለው ሲያዩኝ እኔ ድንጋይ ድንጋዩን አየሁ። ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ ለመመለስ አንድ ቃል ነበር የሚበቃቸው። ያቺን ቃል ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ዋጧት።

ስንወርድ አከራያችን የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው አለበሷቸው። ለኔ በሹክሹክታ፣ «አልለፈለፈም አይደል? ዝምተኛ ጋኔን ክፉ ነው። ግን አይዞሽ፣ እናስለቅቀዋለን» አሉኝ። እውነተኛ ሐዘን ነበር ፊታቸው ላይ። እሳቸውንም ነው ያታለልኩት።

ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁና ሙቅ ውሃ ሰጠኋቸው። ጽዋውን ያዙ፣ እኔም አሜኔን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ዝም ብለው ጠጡ።

«አባባ፣ ረሱ።»

«አልረሳሁም። እብድ የሚያደርሰው ምስጋና አይቆጠርም፣ አሜንም አይባልለትም። ሕጉ እንዲያ ነው።»

«ለአከራያችን ያልኩት እኮ ነው! እኔና እርስዎ እውነቱን እናውቀው የለም ወይ?»

«ያልሽው ውጭ ቆመሽ ነው ልጄ። ውጭ ያልሽው ጓዳ ገብተሽ አይሻርም።»

ቁጣ የለበትም። ልክ «ውሃው ሞቋል» እንደሚል ሰው ነው ያሉት። ከመቶ ወደ ምንም ወረዱ። በማግስቱ እንጀራ ቆረሱ፣ ዝም። በሦስተኛው ቀን መብረቅ ግቢውን አበራው፣ ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው፤ እሳቸው ግድግዳ ያያሉ። አውራ ጣታቸው ብቻ ሳያውቁት አንጓ ላይ ሄድ ይልና ይመለሳል። ልጄ እንኳ ገባት።

«እማዬ፣ አባባ እውነት እብድ ናቸው?»

«ማነው ያለሽ?»

«ግቢው ሁሉ። አንቺ ነሽ አሉ የነገርሻቸው።»

አፏን በእጄ ከደንኩት። አልመታሁሽም እንጂ አፍሽን ግን ዘጋሁት ልጄ፤ ይኼን አንድ ቀን ታነቢው ይሆናል።

ረቡዕ ከጠበል ሲመለሱ አከራያችን በደስታ፣ «አራቱን ጨረስን! ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ በቃ!» አሉ። ቅዳሜ የምትለዋ ጆሮዬ ላይ ቀረች። እሑድ የተጀመረ ሰባት ቀን ቅዳሜ እንደሚያልቅ ልጄ እንኳ ትቆጥረዋለች። እኔ የመጀመሪያውን ቅዳሜ አባርሬ የኋለኛውን በገዛ እጄ ጠርቼው ኖሯል። በሰንበት ያን ዳገት ሊወጡ ነው፣ ያውም ለዚያ ነገር።

«አባባ፣ ሰባተኛው ቅዳሜ እንደሚውል ያውቁ ነበር?»

«መቁጠር አውቃለሁ» አሉኝ።

ሐሙስ አምስተኛውን ተጠምቀው ሲመለሱ ያስላቸው ጀመር። ማታውን ሰውነታቸው እሳት ሆነ። አከራያችን አጥሚት ሠርተው ይዘው መጡ፤ በገዛ እጃቸው ይዘው አጠጧቸው። «እየለቀቀ ነው። ሲለቅ እንዲህ ነው የሚያንዘፈዝፈው፣ ወንድሜንም እንዲሁ አድርጎታል» እያሉ ያጽናኑኛል። አማቴ በክርስቲያን እጅ የተሠራ ቀምሰው የማያውቁ ሰው፣ ጠጡት። ሳይባርኩ ጠጡት።

ዓርብ ጠዋት አከራያችን በር ሲያንኳኩ አማቴ ተነሥተው ነበር። ግድግዳ ተደግፈው ኮንጎ ጫማቸውን እየተጫሙ ነው። አንደኛው እግራቸው አልገባ ብሎ ሦስት ጊዜ ሞከሩት። እኔ ያችን እግር ሳይ ነው በሩ ላይ የቆምኩት። ድፍረት እንዳይመስላችሁ፤ ከነገው ቅዳሜና ማታ ከሚመጣው ባለቤቴ የባሰ የምፈራው ነገር ስላጣሁ ነው።

«አይሄዱም እትዬ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ሁለት ቀን ነው እኮ የቀረው!»

«እብድ አይደሉም። ምንም የለባቸውም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

አከራያችን አንዴ እኔን፣ አንዴ ከኋላዬ ያሉትን አማቴን አዩ።

«ታዲያ በሽንት ቤቱ በር ላይ የሚያነበንቡት ምንድን ነው?»

«ምስጋና ነው። ባገራችን ሰው ተጸዳድቶ ሲወጣ አምላኩን ያመሰግናል።»

«ሽንት ቤት ገብቶ ስለወጣ?!»

«የሚከፈተውን ስለከፈተለት፣ የሚዘጋውን ስለዘጋለት። ያ ቢዛባ ሰው አንድ ቀን አይቆምም ነው የሚለው።»

አከራያችን ሳቃቸው መጣ። ወገባቸውን ይዘው ሳቁ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ።

«ባለቤቴ ሲሞቱ ሦስት ቀን ሽንት ተከልክለው ነው» አሉ። «ጎሽ እንኳ እንዲያ አይጮህም። አንዲት ጠብታ ብትወጣላቸው እኔም እዚያው በር ላይ ተንበርክኬ እልል እል ነበር።» ከዚያ ዓይናቸው አንገቴ ላይ ወዳለው ክር ሄደ። «ይኼ ግን የጎንደር ክርስቲያን ልማድ አይደለም።»

«እትዬ፣ እኛ…»

«ተይ! የቀረውን አትንገሪኝ። ቀበሌ ሄጄ የአጎቴ ልጅ ናቸው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያልሰማሁትን አይጠይቁኝም።» ፊታቸውን አዞሩና ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ። «አምስት ቀን ሙሉ በዚህ ጉልበቴ ዳገት ስታስወጪኝ ምን ዓይነት ሴት ነሽ? ቦኖው ጋ ብትነግሪኝ ምን ነበር? እዚያው ስቄ እገባ አልነበር?»

ይኼ ጥያቄ ነው እስከ ዛሬ መልስ ያጣሁለት። እውነት ነው፣ ቦኖው ጋ ይስቁ ነበር። ጋኔኑ የነበረው ሽንት ቤቱም ጋ አይደል፣ አማቴም ላይ አይደል፤ እኔው ሆድ ውስጥ ነበር፤ ተጠማቂው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

በሩን ዘግቼ ገባሁ። አማቴ አልጋው ላይ ተጋድመዋል፣ አንድ እግራቸው ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም።

«ምን አልሻት?»

«እብድ አይደሉም አልኳቸው።»

«ደጅ ላይ?»

«ደጅ ላይ፣ ጮክ ብዬ።»

«ማን እንደሆንንስ?»

«እሱን… እሱን አልነገርኳቸውም። አትንገሪኝ አሉ።»

ሊስቁ ሲሉ ሳል ቀደማቸው። ሳሉ እስኪያልፍ ደረታቸውን ደገፍኳቸው።

«እንግዲያው ግማሽ እብድ ነኝ ማለት ነው» አሉ። «ግማሹም ይበቃል። ውሃ ስጪኝ።»

ጽዋውን ሰጠኋቸው። ቀና አሉና በስድስተኛው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ይትባረክ አሉ፤ በሹክሹክታ አይደለም፣ በዚያው ባገር ቤቱ ድምፃቸው፣ የቀረችውን ያህል። ምስጋናውን ጨርሰው ጽዋውን አፋቸው አጠገብ ይዘው ጠበቁ። እኔን ነው የሚጠብቁት። አሜን ለማለት አፌን ከፈትኩና፣ ሳልፈልገው፣ ዓይኔ በሩን አየ፤ መዘጋቱን ለማረጋገጥ። ከዚያ አሜን አልኩ።

በሩን ማየቴን አይተዋል። ውሃቸውን ጠጡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም፤ ትንፋሻቸው ስልሳና ሰባ ላይ እያለቀ መቶ ሳይሞሉ ይተኛሉ። ሎሚውንም ጤና አዳሙንም ባቀርብ «ለነገ ይቆይ» ይሉኛል። ካመሰገኑት ውስጥ አሜን ሳልል ያለፍኩት የለም፣ ያልሰማሁትም የለም። ነገር ግን አንድም ቀን መጀመሪያ በሩን ሳላይ አሜን ብያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም ዓይኔ ከበሩ እስኪመለስ ጽዋውን እንደያዙ ይጠብቁኝ ነበር።